የፊት ቁመት፣ የኋላ ቁመት

ጥቅምት 9

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ ዛሬም ክር በመርፌ ያስገባል? እኔ ከናፍቆትዎና ከስፌት መኪናዋ ሲጥሲጥታ በቀር ደህና ነኝ። ዘይት አጠጥቻትም አልተወችም። ጋሼ ዘቡ «ባለቤቷን ነው የምትጠራው» ይላሉ፤ እኔ ዘይቱ ውሃ የገባበት ነው እላለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ ለሱቁ ደጃፍ። «ግራጫ የሱፍ ጨርቅ አግኝቻለሁ፣ ለሁለቱ ጓደኞቼ ኮት ልሰፋላቸው ነው፣ ለክተሽ ላኪልኝ» ብለዋል። እሺ። ግን «በዓይንሽ እንዳትገምቺ» የምትለዋን ምን አመጣት? እርስዎ ሦስት ወር ብለው ውጭ አገር ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ ስድስት ዓመትዎ፤ እኔ የእርስዎን፣ የአያቴን የአጎት ልጅ፣ ሱቅ ይዤ፣ ዝምድናችንን ቆጥሬ ሳልጨርስ የሰፈሩን ሰው አለብሳለሁ። የተሳሳትኩት አንድ ሱሪ ብቻ ነው። እሱንም አንድ እግሩን ብቻ።

ጋሼ ዘቡን እንዲህ ለካሁ። ከዘበኝነት ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፤ እስከ ዛሬ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ደጃፋችን ላይ ካልተቀመጡ ሱቁ የሚዘረፍ ይመስላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ጃኬታቸውን ቁልፍ ልተክልበት ተቀብዬ የሁለቱንም ኪሶች አፍ ሰፋሁባቸው። ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ሊከቱ ሲታገሉ ዋሉ። ሲመሽ ጠጋ ብለው «ቁንጫ፣ እጄ ነው የወፈረው ወይስ ኪሴ ነው የጠበበው?» አሉኝ። «እርጅና ነው ጋሼ፣ በኪስ ነው የሚጀምረው» አልኳቸው። አመኑኝ። በማግስቱ ነው የገባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጃኬታቸውን አያወልቁም።

ስለካቸው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «ይልቀቁት፤ ኮቱን ለብሰው ትንፋሽ ሳይወስዱ ሊኖሩ ነው?» ብላቸው ለቀቁት። ሜትሩ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ደረት 104፣ ወገብ 109፣ ትከሻ 44፣ እጅጌ 60፣ የፊት ቁመት 42፣ የኋላ ቁመት 47።

እማማ ስልኬ ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውዎታል። ደረት 98፣ ወገብ 84፣ ትከሻ 40፣ እጅጌ 58፣ የፊት ቁመት 43፣ የኋላ ቁመት 41።

በሉ፣ ብርዱ አይድፈርዎ።

ሱቅዎን እስካሁን ያልሸጠችው፣
ቁንጫ


ኅዳር 6

ለቁንጫዬ፣

እንደምን ከረምሽ ልጄ። እጅሽን ከመርፌ፣ ምላስሽን ከነገር ይጠብቅልኝ። እኔ ተመስገን ነው። ጉልበቴ ጠዋት እምቢ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይለምደኛል።

እዚህ አዲስ ነገር የለም። ልጄና ሚስቱ ሳይነጋ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ከሥሩ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ፤ አግዳሚው ወንበር ላይ አራት ሽማግሌና አሮጊት ይቀመጣሉ። አውቶቡሱ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ማንም አይሳፈርም። ሾፌሩም አውቋቸዋል፣ በእጁ ሰላም ብሎ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት እነዚህ ሰዎች የት ሊሄዱ ነው እያልኩ በመስኮት አይ ነበር። አሁን አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ቋንቋቸውን አልሰማም፣ ቋንቋዬን አይሰሙም። ካፊያ ሲመጣ ግን አንዷ ጃንጥላዋን ወደ እኔ ዘንበል ታደርጋለች።

የዘቡን ወገብ ሳይ ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት የቆመ ሰው ሲቀመጥ እንዲህ ነው።

የስልከኛዋን ሳነብ ግን መቀሱን አስቀመጥኩት። ቁንጫዬ፣ ይሄን ልክ አውቀዋለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልሄድ ወር ሲቀረኝ ያንን ሰማያዊ ቀሚስ ስሰፋላት፣ ደብተሩ ላይ፣ ዘይት የፈሰሰበት ገጽ። የሰው መልክ እረሳለሁ፤ ባለፈው የበራችንን ቁጥር ረስቼ የሰው ቤት አንኳኩቻለሁ። ልክ ግን አልረሳም።

አንድ ነገር ላስተምርሽ፣ ሳላስተምርሽ ነው የሄድኩት። ሰው ሲያረጅ ጀርባው ይጎብጣል። ሲጎብጥ ከአንገት እስከ ወገብ ያለው የኋላ ቁመቱ ይረዝማል፣ የፊቱ ያጥራል። የዘቡን እዪው፤ ፊት 42፣ ኋላ 47። ሆዱን ቢደብቅ ጀርባውን አልደበቀም። እሷ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጣት ሳትጎብጥ፣ ሳትከሳ፣ ሳትወፍር? የበር መቃን እንኳ ይጣመማል።

ልጄ ደውይላት ይለኛል። ጆሮዬ ስልክ ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ቴሌ ተቀምጣ የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ ስታገናኝ ኖራ፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስልክ ላይ መጮኽ ትጠላለች። ስለዚህ አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ወይ አንቺ ሰንፈሻል፣ ወይ እሷ የለችም፣ ወይ አለችና እንዳላውቅ መክራችሁብኛል። ከሦስቱ የቱ ነው? ስንፍና ከሆነ አልቆጣሽም። ስንፍናሽን ስመኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬሽ


ጥር 11

ለእትዬ፣

ሰላምታዬን ብደረድረው ማምለጫ ይመስልብኛልና ዘልዬዋለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። በየቀኑ እስክርቢቶ አነሳለሁ፣ ደንበኛ መጣ ብዬ አስቀምጣለሁ። ደንበኛ አልመጣም።

ስንፍና አይደለም። ምነው በሆነ።

ጥቅምት ላይ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስሄድ እማማ ስልኬ አልጋ ላይ ነበሩ። ከነሐሴ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ የበቀለ ነገር አለ። ሐኪሙ ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ጭንቅላቴ አልያዘውም። ግን ሲነግረኝ ጫማዬን ያይ ስለነበር ገባኝ።

«ልለካዎት» አልኳቸው።

«ደብተሩ ላይ የለም እንዴ? እሱን ገልብጪው።»

«እትዬ ቢያውቁብንስ?»

«እኔ ሠላሳ ዓመት የከተማውን ምስጢር በጆሮዬ አሳልፌ ለማንም ትንፍሽ ያላልኩ ሴት ነኝ። አንቺ ስድስት ቁጥር መደበቅ ያቅትሻል?»

ገለበጥኩ። ሰው ስሸውድ ኖሬ ሳልስቅ የሸወድኩት እርስዎን ብቻ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብላቸው የበር መቃኑ ጋ ሲደርስ አስቆሙኝና ደግሜ አነበብኩት። «ይቺን ሴት በስልክ ቢሆን እሸውዳት ነበር» አሉ። «በይ ነይ ለኪኝ። አታሳምሪኝ፣ ልክ ልኩን።» እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ በሜትር ጠራ።

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጋሼ ዘቡ በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። የሚመጣ ሰው የለም፣ እሳቸው ግን ጠበቁ። ሜትሩን ደረታቸው ላይ ሳዞር ሁለቱ እጆቼ ቶሎ ተገናኙ። ደረት 76። ወገብ 61። ትከሻ 36። የፊት ቁመት 36፣ የኋላ ቁመት 44። «እጄስ?» አሉኝ። እጅጌው ያው 58 ነው። ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ «አየሽ፣ ሁሉም አይሄድም» አሉ።

ኮቱን በፖስታ እንዳይልኩት። ቃላቸው እንዲህ ነው፦ «ከላከችው አልለብሰውም። ታምጣው።»

ደግሞ ሳጥናቸውን አስከፈቱኝ። ከዚያ ከሰማያዊው ጣቃ አራት ሜትር አስቀርተው ኖሯል። «ስትመጣ የምትለብሰው ቀሚስ ስፊላት። ልኳን ትላክ» ብለዋል። እንግዲህ ይላኩ። ሰው መለካት ለእርስዎ አይነገርም።

ቁንጫ


የካቲት 6

ለቁንጫዬ፣

አንቺንም እሷንም ያኑርልኝ። እውነቱን ስለጻፍሽ አልቆጣሁም። ለመቆጣትም ጉልበት ያስፈልጋል።

ደብዳቤሽን አግዳሚው ላይ አነበብኩት። ባለጃንጥላዋ ፊቴን አየችና ከከረጢቷ ዳቦ አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። ዳቦውን በላሁ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ።

ኮቷን በቀድሞው ልክ ቆርጬው ነበር፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆንልኝ ብሎ እየተጠራጠርኩም ቆረጥኩት። እንደገና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በአዲሱ ልክ ቆረጥኩት። ትልቁን ማሳነስ ለሰፊ ቀላል ሥራ ነው ይላሉ። ከጠረጴዛው የወደቀውን ቁራጭ ስሰበስበው ለአንድ ሕፃን ኮት ይበቃል። አልጣልኩትም።

ወጣት ሳለሁ ሱቅ የሚመጣው ሁሉ ለማስፋት ነበር። አገባሁ፣ አረገዝኩ፣ ተመቸኝ ይላሉ፤ ስፌት ፈትቼ እለቅላቸዋለሁ። እኔም ለዚያ ብዬ ሁልጊዜ ከውስጥ ሦስት ጣት ጨርቅ እተው ነበር። የዕድሜ ጓደኞቼ አሁን ሁሉም ለማጥበብ ነው። ያ ሦስት ጣት ትርፍ በየልብሳቸው ውስጥ ተጣጥፎ ቀረ።

ስለ መምጣቴ፣ ልጄ ብርዱ ይለፍ ይላል። ሥራም በዝቶበታል፣ የሚሸኘኝ የለም። ሰው ቤት ተቀምጦ ደግሞ ልሂድ ልሂድ ማለት ደግ አይደለም። ሲመቸው እመጣለሁ በያት።

ልኬን ላልሽው፦ ደረት 102፣ ወገብ 90፣ ትከሻ 41፣ እጅጌ 57፣ የፊት ቁመት 44፣ የኋላ ቁመት 42።

እትዬሽ


መጋቢት 4

ለእትዬ፣

ይቅርታዎን አስቀድሜ ልውሰድና ከዚያ ልናገር።

ሰማያዊውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ጠመኔ ያዝኩ። ደብዳቤዎን በማስመሪያ ተጭኜ ቁጥሩን አንድ በአንድ ማስመር ጀመርኩ። ፊት 44፣ ኋላ 42 ላይ ስደርስ ጠመኔው ቆመ። ሰባ አንድ ዓመትዎ አይደል? የበር መቃን ይጣመማል ያሉኝ ማን ነበሩ፣ እኔ ነኝ?

ደብተሩን ገለጥኩ። ብዙም አልፈለግሁ፣ የመጀመሪያው ገጽ ነው። ሱቁን የከፈቱ ዕለት ራስዎን በመስታወት ለክተው የጻፉት። እትዬ፣ እማማ ስልኬ የዋሹት ስድስት ዓመት ነው። እርስዎ ሠላሳ ስድስት ዓመት ዋሹ። በውሸትም አለቃችን ነዎት።

ለእማማ ስልኬ ስነግራቸው ሳቁ። ስቀው ስቀው ጎናቸውን አመማቸውና ትራስ ደገፍኩላቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ «ልጇ አይደለም የያዛት» አሉ። «ብርዱም አይደለም። ጠይቂያት።» ይኸው ጠየቅሁ።

እኔም ደክሞኛል። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ ቀን እሰፋለሁ፣ ማታ ሾርባ አጎርሳቸዋለሁ። ሦስት ማንኪያ ነው፤ አራተኛውን «ለአንቺ» ይሉኛል። ጋሼ ዘቡ ወንበራቸውን ከሱቁ ደጃፍ ወደ እማማ ስልኬ ደጃፍ አዛውረዋል። «ሱቁስ?» ስላቸው «የሚሰረቀው እዚህ ነው ያለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በማንም ላይ አላሾፍኩም። ትናንት ጃኬታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ትተውልኝ፣ ዞር ብለው እንደ መተኛት አሉ። አውቀው ነው። ኪሱን ሳልነካው አለፍኩ። ሲነሱ እጃቸውን ከተቱ፣ ገባ፤ «ታመምሽ እንዴ?» አሉኝ።

ጨርቁ እንደተዘረጋ ነው። በውሸት ልክ አልቆርጠውም፤ አራት ሜትር ብቻ ነው ያለው።

ቁንጫ


መጋቢት 27

ለቁንጫዬ፣ ለነከሰችኝ፣

እንኳን ነከስሽኝ።

ልጄን ያለ ጥፋቱ ነው የከሰስኩት። ሁለት ጊዜ ቲኬት ቆርጦልኝ ነበር። አንዴ ጉልበቴ ነው አልኩት፣ አንዴ ደሜ ከፍ ብሏል አልኩት። ሁለቴም ደህና ነበርኩ።

እናንተ ዘንድ እኔ ቀጥ ያልኩ ሰው ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ጎባጣ ትከሻ በገበር ሳቃና፣ የራሴ እንደማይጎብጥ ነበር የማስበው። እዚህ ቀጥ ብዬ ያየኝ የለም። ስለዚህ ስጎብጥም ያየኝ የለም። አግዳሚው ላይ አምስታችንም ከተፈጠርን ጀምሮ አሮጊትና ሽማግሌ የሆንን ነው የምንመስለው፤ ያ ያሳርፋል። ስልከኛዋ ግን ስገባ ስወጣ ያየችኝ ናት። በሩ ላይ ቆሜ ዓይኗ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ይታየኛል። ደግሞም እኔ ካላየኋት እሷ እንደ ደብተሩ 98 ሆና ትቆየኝ ነበር። ይሄን ለማንም አልተናገርኩትም። ሞኝነት ነው፤ ግን ስድስት ዓመት አቆየኝ።

ባለፈው እሑድ ልጄን ጠርቼ ሜትሩን ሰጠሁትና ለካኝ አልኩት። የሰፊ ልጅ ሆኖ ሜትር መያዝ አያውቅም፣ ገልብጦ ያዘው። አስተካከልኩለት። ጀርባዬ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ጎልማሳ ከሆነ ወዲህ እዚያ ላይ ነክቶኝ አያውቅም። ቁጥሩን ጻፈ፣ ወደ ጓዳ ገብቶ ስልክ ደወለ፣ ሲመለስ የጉዞዬን ቀን ነገረኝ። ሚያዝያ 27። አሁን ጉልበቴን አላመመኝም።

ደረት 90፣ ወገብ 86፣ ትከሻ 37፣ እጅጌ 57፣ የፊት ቁመት 37፣ የኋላ ቁመት 46። በዚህ ቁረጪ።

ሁለቱም ኮት አልቋል። የዘቡን ትንፋሹን ለቅቆ እንዲለብሰው አድርጌ ነው የሰፋሁት። የእሷን ጫፉን አልቀመቀምኩትም። ላይዋ ላይ ሆኖ ነው የምቀመቅመው። ጠብቂኝ ብላለች እንዳትያት፣ ለታመመ ሰው ሸክም ነው። ጫፉ ክፍት ነው በያት፣ በቃ።

እትዬሽ


ሚያዝያ 26

ለእትዬ፣

ይሄኛው ፖስታ ቤት አይሄድም፤ ይህን ስጽፍ እርስዎ ሻንጣዎን እየዘጉ ይሆናል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከስድስት ቀን በፊት ነው። ያሉኝን ነገርኳቸው፤ «ጫፉ ክፍት ነው ብለዋል» አልኩ። «እኔ ተኝቼ በየት በኩል ልትቀመቅመው ነው?» አሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ አቁሙኝ አሉን። ጋሼ ዘቡ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ሆነን አነሳናቸው። በሩን ተደግፈው ቆሙ። «በይ ቶሎ» አሉኝ። ከአንገት እስከ ጉልበት በታች 89። ደብተሩ ላይ በእስክርቢቶ ልጽፈው ስል «በእርሳስ አድርጊው፣ ደግማ የምትለካ ሰው እየመጣች ነው» አሉኝ። ጋሼ ዘቡ ፊታቸውን ወደ ውጭ መለሱ። የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል።

ከእንግዲህ አልዋሽዎትምና ልንገርዎ፦ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተኝተዋል። ማንኪያው ወደ ሁለት ወርዷል። ሐኪሙ ዛሬም ጫማዬን ነው ያየው። ዓይናቸውን ሲገልጡ «ስንት ቀረ?» ይላሉ። ጋሼ ዘቡ ሰዓታቸውን አይተው ይመልሳሉ። ካልተጠየቁም ይመልሳሉ።

ሰማያዊው ቀሚስ አልቋል። 37 እና 46 ሆኖ መስቀያ ላይ ሲያዩት ጎባጣ ነው፤ አንዲት ደንበኛ «ይሄ ተበላሽቶብሻል» ብላኛለች። ሰው ሲገባበት ነው ቀጥ የሚለው አልኳት። አልገባትም።

ደብዳቤውን የምከተው በቀሚሱ ቀኝ ኪስ ነው፤ የኪሱንም አፍ ሰፍቼዋለሁ። እንደ ልማድዎ እጅዎን ሲከቱ እምቢ ይልዎታል፣ «ይቺ ቁንጫ» ብለው ይጮኻሉ፣ እማማ ስልኬ አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሙዎታል። ለዚያ ብዬ ነው። ቁጣዎን ናፍቀውታል። ይህን እያነበቡ ከሆነ ሰምተውታል ማለት ነው።

አሁን ኮቱን ያምጡና ጫፉን ይቀምቅሙላቸው። መቀሱ የድሮ ቦታው ነው፣ ክሩን በጥርስዎ እንዳይበጥሱ። መርፌዋን ከራስጌያቸው መጋረጃው ላይ ሰክቻታለሁ። ዓይንዎን አልፈትንም፤ ግራጫውን ክር አስገብቼባታለሁ።

ቁንጫ